ለቡናው እናት፣ ለጽጌረዳው እንጀራ እናት

ጅማ ይሁን አጋሮ፣ ሊሙ ገነት ይሁን የቡ፣ የቡና ችግኝ አተካከል የማያውቅ ልጅ የለም። ጽጌረዳ ሲሆን ግን ሰበቡ ይበዛል። እኛም መልስ አናጣም።

«ጽጌረዳ ምን ያበላል?»
ግቢህ ሁሉ ምግብ ቤት ነው እንዴ? ዓይንም ይራባል! ደግሞ የዱሩን ጽጌረዳ፣ የቀጋን ፍሬ ለቅሞ የበላ እረኛ ጠይቅ።

«የፈረንጅ አበባ ነው፣ አፈራችን አይስማማውም።»
ቀጋን ደጋው ላይ የተከለው የትኛው ፈረንጅ ነው? ከሆለታና ከዝዋይ የተቆረጠ ጽጌረዳ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሆላንድ ይገባል። ለሆላንድ የደረሰ ለአንተ ደጅ ያንሳል?

«ከቡናው ጎን ተከልኩት፣ አላበበም።»
ቡና የዋንዛ ጥላ ይመቸዋል። ጽጌረዳ በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። ጥላ ውስጥ ሸሽገኸው አበባ ትጠይቀዋለህ?

«ከእህቴ ግቢ ነቅዬ አመጣሁት፣ ደረቀ።»
ነቀሉት እንጂ መቼ አዛወሩት፣ እትዬ! በቀትር ጎትተው፣ ሥሩን ራቁቱን በፌስታል አንጠልጥለው! የቡና ችግኝ እንዲህ ሲይዙ ማን አይቶዎታል? ከግንዱ አንድ ክንድ ርቀው ዙሪያውን ይቆፍሩ። ከነአፈሩ አንስተው በእርጥብ ጆንያ ይጠቅልሉት። ቅርንጫፉንም ሲሶውን ይቁረጡለት፤ የተጎዳ ሥር ያን ሁሉ ቅጠል ውሃ ማጠጣት አይችልም። ፀሐይ በረድ ስትል፣ ድሮ በነበረበት ጥልቀት ይትከሉት።

«ጉድጓዱን ያኔውኑ ጫር ጫር አደረግኩ።»
ለቡና ክረምቱ ሳይገባ 60 ሴንቲ ሜትር ትቆፍራለህ፣ የላዩን አፈር ከታችኛው ትለያለህ። ለጽጌረዳ ሲሆን ዶማው ከበደህ?

«የቡና ገለፈት ሞላሁለት፣ ቢጫ ሆነ።»
ጥሬውን ነዋ! ያልበሰበሰ ገለፈት ይግላል፣ የአፈሩንም ናይትሮጅን ይሻማዋል። ከፍግ ጋር ከምረህ አገላብጠው፤ ጠቁሮ አፈር አፈር ሲሸት ያኔ ስጠው።

«ሰኔ ነው፣ ምን ውሃ ያሻዋል?»
የተተከለ ዕለት ያሻዋል፤ ውሃው አፈሩን ከሥሩ ያጣብቀዋል። ከዚያ በኋላ የጅማ ዝናብ ይበቃዋል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ከሆነ ግን መደቡን ከፍ አድርግ፣ አለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል።

«እሾሁ ይወጋል።»
እሾህ የሌለው ጎመንህን የጎረቤት ዶሮ ጨርሶት የለ?

«እኔ እጄ አያበቅልም።»
ጅማ ተወልደህ? ይህን ሌላ አገር ሄደህ አውራ! ቡና ያጸደቀ እጅ ጽጌረዳ አያቅተውም፤ የታጣው ልብ ነው። ሰኔ ሲገባ ከጎረቤትህ የእርሳስ ውፍረት ያለው የስንዝር ቅርንጫፍ ለምን። የታችኛውን ቅጠል አራግፈህ ግማሹን አፈር ውስጥ ቅበረው፣ ሥር እስኪያወጣ ጥላ አድርግለት፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጣው። ያበበልህ ጊዜ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰበበኛ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠህ ስጠው፤ ከእኛ ክርክር ይልቅ እሱ ዝም ያሰኘዋል።