የደብረ ታቦር ቤተ መዘክር የቅርስ አቀማመጥ ሥርዓት፦ አጭር ጥናት

የትንሽ ከተማ ቤተ መዘክር የትም ቢሆን ጠባዩ አንድ ነው። አንገቱ የተሰበረ እንስራ፣ የአንድ ባላባት ጎራዴና ቀለሙ የለቀቀ ፎቶግራፍ ተሰብስበው አንድ ክፍል ውስጥ ይቆለፍባቸዋል፤ ቁልፉን የያዘው ሰውም ለቅሶ ይሄዳል። ደብረ ታቦር ግን ከዚህ የላቀ ሥርዓት ዘርግታለች። ዋና ዋና ቅርሶቿን ከከተማዋ ውጭ ታስቀምጣለች። በዚህም ሌባ ቢመጣ ዘግይቷል።

የትርኢቱ ቁንጮ ሴባስቶፖል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ አውሮፓውያን ባለእጆችን ከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ አስፍረው መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሰዎቹ ሙያው የለንም አሉ፤ ሙያው ግን ታዝዞ መጣ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ይህ መድፍ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሣ። መንገድ አልነበረምና ሠራዊቱ ገደል እየቆረጠ፣ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች አድርጎ እየጎተተ በመጋቢት መቅደላ አደረሰው። ቅርስ ለማዘዋወር ስድስት ወር መፍጀቱ ለጥንቃቄው ምስክር ነው። ንጉሡ ሲነሡ ከተማዋን አቃጥለዋታል፤ በሙያው ቋንቋ ይህ «ዐዳራሹን ለቀጣይ ትርኢት ማዘጋጀት» ሊባል ይችላል።

መድፉ ዛሬም እንግሊዞች በዚያው ዓመት ዘምተው ንጉሡን ድል ባደረጉበት በመቅደላ ነው። ምስሉ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ የሚወርደው ጎዳና በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር በቸርችል ስም ይጠራል። አደራጁ ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም።

(ከጋፋት ባለእጆች አንዱ ሞሪትስ ሆል ነበር። ሁለት ኦስካር የተሸለመው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ቅድመ አያቱ እሱ ነው። ሆሊውድም እንግዲህ የጋፋት ቅርንጫፍ ሆኖ ሊመዘገብ ይገባል።)

የመጻሕፍቱ ክፍል ለንደን ነው። ንጉሡ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸውን ብራናዎች ይዘው መቅደላ ወጡ፤ እንግሊዞች ደግሞ ከመቅደላ ሰበሰቡ። ለዚህ ሁለተኛ ስብሰባ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል። የተመለሰ የለም እንዳይባል፣ በ2011 ዓ.ም. ለንደን የሚገኘው የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር የንጉሡን ጸጉር መልሷል። ብራናዎቹ ግን ከጸጉር ይከብዳሉ።

ጠያቂ የማያጣው ክፍል የ1834 ዓ.ም. የደብረ ታቦር ጦርነት በሆነ ነበር። የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ድል አደረጉ፤ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር የነበረው ራስ ዓሊም ሸሹ። ውቤ በድንኳናቸው ድሉን ሲያከብሩ የዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ማረካቸው። አሸናፊው ታሰረ፤ የሸሸው ተመልሶ ገዛ። ይህን በመስታወት ሣጥን ለማሳየት የትኛው የጠጅ ብርሌ እንደሚመረጥ ገና አልተወሰነም።

በመጨረሻም የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ አለ። በ1853 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ተወልዶ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ18 ዓመቱ ሊድስ ሞቶ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀበረ። ዐፅሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ፣ በ2015 ዓ.ም. የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት መልስ ዐፅሙን ማውጣት በአቅራቢያው ያረፉትን ሌሎች ሙታን ይረብሻል የሚል ነበር። ይህም በቤተ መዘክር ሕግ «መንካት ክልክል ነው» በሚለው ሥር ይመደባል፤ ሕጉ የወጣው ከ1860 ዓ.ም. በኋላ መሆን አለበት።