የአባቴ ድምፅና የልጆቹ ፊልም

ለቤታችን ትልቅ ማከማቻ ይገዛ የሚለውን ሐሳብ ያመጡት ልጆቹ ናቸው። የፈለጉትም ግልጽ ነበር፤ ፊልሙ ሁሉ አንድ ቦታ ይቀመጥና ሳሎን ባለው ቴሌቪዥንም፣ መኝታ ቤት ባለው ታብሌትም፣ በየስልኩም ይታይ። ፍላሽ ከላፕቶፕ ነቅሎ ቴሌቪዥን ላይ መሰካት፣ ተሰክቶም «ፎርማቱ አይሠራም» የሚል ጽሑፍ ማየት ሰልችቷቸዋል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን በዚያው ሳጥን ላይ የጣልኩት ተስፋ ሌላ ነበር። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የካሴቶቹ ጉዳይ ነው።

ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ የሄደው በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ስልክ ውድ ነው፣ አባቴ ደግሞ ብዕር አይወድም፤ ስለዚህ ቤተሰቡ የሚገናኘው በካሴት ነበር። መንገደኛ ሲገኝ ካሴት ይላካል፣ መንገደኛ ሲመጣ ካሴት ይመጣል። አባቴ ቴፑ ፊት ቁጭ ብሎ ጉሮሮውን ይጠርግና «እንደምን ከርመሃል ልጄ» ብሎ ይጀምራል። ዝናቡን፣ የእህል ዋጋውን፣ ማን እንደተዳረ፣ ማን እንዳረፈ ይነግረዋል። መሀል ላይ እናቴ ከጓዳ «ስለ ጋቢው ንገረው እንጂ!» ስትል ትሰማለች፤ ከበስተኋላዋም ሙቀጫ ይወቀጣል። ወንድሜ የደረሱትን ሁሉ አጠራቅሞ ኖሯል። አባታችን ካረፈ በኋላ በሻንጣ ሞልቶ አመጣቸውና «አንተ ጋ ይቀመጡ» አለኝ።

ቴፕ ሪከርደሩን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። የዘጠና ደቂቃ ካሴት በሲዲ ጥራት ሲገለበጥ አንድ ጊጋባይት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ ፍላክ በተባለው ፎርማት ሲታመቅ ደግሞ ድምፁ ምንም ሳይጎድል ግማሽ ያህል ይሆናል። ሁሉም አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀመጡ። ያ ሃርድ ዲስክ ነው እንግዲህ አንድ ቀን ሲሰካ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ማለት የጀመረው። የጥገና ባለሙያው ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠና «ጋሼ፣ የሚያነበው ራሱ ነው የሄደው። ይህ አቧራ የሌለበት ክፍል ካልሆነ አይከፈትም» አለኝ። ካሴቶቹ ስላሉ አብዛኛውን እንደገና ገለበጥኩ። አንደኛውን ግን ከተገለበጠ በኋላ ቴፑ በልቶት ነበር። የዚያ ካሴት ሳይድ ቢ ዛሬ የትም የለም። አባቴ ስለ ራሱ አባት ያወራበት ሳይድ ነው።

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ይጠግናል። «ጋሼ፣ ናስ ይግዙ» ያለኝ እሱ ነው። ናስ ማለት ሁለትም አራትም ሃርድ ዲስክ የሚይዝ፣ የራሱ ፕሮሰሰርና ሲስተም ያለው፣ በኬብል ከራውተር ጋር የሚገናኝ ሳጥን ነው። ቤት ውስጥ ያለ ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ሁሉ እሱ ላይ ያለውን ያነባል። በገበያው ከታወቁት ሠሪዎች ሲኖሎጂና ኪውናፕ ሁለቱም የታይዋን ናቸው። እኛም የወንድሜ ጓደኛ ከአሜሪካ ሲመጣ ባለ ሁለት ዲስክ ሳጥን ይዞልን መጣ። መብራቱ አያስቸግርም፤ አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። ዲስኮቹን ግን እዚሁ አዲስ አበባ ለመግዛት ወሰንን።

ችግሩም ከዚያ ጀመረ። ሻጩ ልጅ ትሁት ነው፤ «ጋሼ፣ እሽጉን ራስዎ ነዎት የሚከፍቱት፣ ኦሪጅናል ነው» አለኝ። ፕላስቲኩም አዲስ፣ ብረቱም ያብረቀርቃል። ቤት ስንገባ የእህቴ ልጅ ሳጥኑ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ላፕቶፑ ላይ ሰካውና ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን መዝገብ ከፈተ። ሙቀቱ፣ የተበላሸ ቦታ ካለ ብዛቱ፣ ስንት ጊዜ እንደበራ ሁሉ እዚያ አለ። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ፤ ዲስኩ በርቶ የሠራበት ሰዓት። 26 ሺህ ያልፋል። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፤ እንግዲህ «አዲሱ» ዲስክ ሌት ተቀን ሲሽከረከር ሦስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ተመልሰን ሄድን። ሻጩ ከአስመጪው የመጣለት እንደዚያው እንደሆነ ማለ፣ ተከራከርን፣ በመጨረሻ ቀየረልን። የተቀየረውንም እዚያው ባንኮኒው ላይ ሰክተን አይተን ነው የወጣነው።

ይህ የእኛ ገበያ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አዲስ ተብለው የተሸጡ የሲጌት ሃርድ ዲስኮች ያገለገሉ ሆነው መገኘታቸው ጀርመን ውስጥ ትልቅ ወሬ ነበር። እዚያማ የተለመደውን የሰዓት ቆጣሪ ዜሮ አድርገውት ነበር። እውነቱን ያወጣው ፋርም የሚባል ሌላ የውስጥ መዝገብ ነው። ጥርጣሬው ዲስኮቹ ቺያ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማምረት ሲሠሩ የከረሙ ናቸው የሚል ነበር።

ዲስክ ስትመርጡ ሌላም መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። ኤስኤምአር በሚባለው አሠራር መረጃው የሚጻፍባቸው መስመሮች እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጫፍና ጫፋቸው ይደራረባል፤ አንዱን ለማረም ጎረቤቱም እንደገና መጻፍ አለበት። ፎቶ እየጨመሩ ለማስቀመጥ ብቻ ከሆነ ይሠራል። ናስ ውስጥ ግን አንዱ ዲስክ ሞቶ አዲሱ ሲተካ ብዙ መረጃ ባንድ ጊዜ ስለሚጻፍ በጣም ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ሥራው ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለናስ ብሎ በሚሸጣቸው ሬድ በተባሉት አንዳንድ ዲስኮች ላይ ይህን አሠራር ለገዢ ሳይገልጽ መጠቀሙ ታውቆ ብዙ ተወቅሷል። ለናስ የሚፈለገው ሲኤምአር የሚባለው ነው።

ሳጥኑ ተገጣጠመ፣ ካሴቶቹ መገልበጥ ጀመሩ፣ መብራት ሄደ። ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ሳጥኑ ሲነሳ ዲስኮቹን እየመረመረ ነው ብሎ ረጅም ሰዓት ሳይከፈት ቆየ። ያን ምሽት ልጆቹም ስለ ፊልም አላነሱም። እኛ አገር ለዚህ ዕቃ ዩፒኤስ የግድ ነው። ስታቢላይዘር አይተካውም፤ እሱ ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ምንም አይዝም። ባለ ሁለት ዲስክ ሳጥን የሚበላው ከ15 እስከ 20 ዋት አካባቢ ስለሆነ ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃዋል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ዩፒኤሱና ሳጥኑ በዩኤስቢ ገመድ መያያዝ እንዳለባቸው ነው። ከተያያዙ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ዩፒኤሱ ይነግረዋል፣ ሳጥኑም የጀመረውን ጽፎ በሥርዓት ራሱን ያጠፋል።

ወደ ልጆቹ ፊልም ስመጣ፣ እሱ ሌላ ዓለም ነው። ቴሌቪዥኑ የፊልሙን ፎርማት ወይም የድምፁን ዓይነት ካላወቀ ሳጥኑ እያጫወተ እግረ መንገዱን ወደሚታወቅ ፎርማት መቀየር አለበት፤ ይህ ደግሞ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ዋጋ ማየት እዚህ ላይ አይጠቅምም። የሲኖሎጂ ዲኤስ923 ፕላስ ከዲኤስ224 ፕላስ ይወደዳል፤ ግን ውስጡ ያለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ግራፊክስ የለውም። የዲኤስ224 ፕላስ የኢንቴል ሴሌሮን ግን ቪዲዮ የሚቀይር ክፍል አለው። ለፊልም ብሎ ውዱን የገዛ ሰው ተጎዳ ማለት ነው። ከፕሮግራሞቹ ፕሌክስ በዚህ ክፍል ለመጠቀም በዶላር ያስከፍላል፤ ጄሊፊን ነፃ ነው፣ እኛም እሱን ጫንን። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቴሌቪዥኑ የሚያውቀውን ፎርማት ማስቀመጥና ላን ኬብል መዘርጋት ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ዋይፋይ በደንብ አያሳልፍም።

ፊልሙ መታየት ሲጀምር ቦታ ጠበበ። ታናሹ ልጄ ለኳስ ቪዲዮ ቦታ ሲያስለቅቅ ስሙ በእንግሊዝኛ ቁጥር ብቻ የተጻፈ ፎልደር አየ፤ አጠፋው፣ ሪሳይክል ቢኑንም አጸዳ። ካሴቶቹ ነበሩ። ሳጥኑ ሁሉንም በሁለቱም ዲስክ ላይ ስለሚጽፍ ከሁለቱም እኩል ሄዱ። ይህን ሬይድ የሚባለውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1988 በርክሌይ የነበሩት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ በጽሑፍ አቀረቡት፤ በእንዲህ ያለ ሳጥን የሚጠቅመውም ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ነው። ዲስክ ከሞተ ያድናል፤ ሰው ካጠፋ አብሮ ያጠፋል። ሻጮች ግን «ሁለት ዲስክ ስላለው ባክአፕ አለው» ብለው ይሸጡታል። ይህ ንግግር ሕዝብ እየጎዳ ነው።

የተገለበጠው የአባቴ ድምፅ የተረፈው ሐዋሳ እህቴ ቤት ሌላ ቅጂ ስለነበረ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። የእህቴ ልጅ ይህን እንደ ሃይማኖት ይይዘዋል። እናቱን ለመጠየቅ በሄደ ቁጥር ዲስክ ይዞ ይሄዳል። ልጄን አልተቆጣሁትም፤ ግን ከሐዋሳ የመጣውን አብረን አዳመጥን። አያቱን በሕይወት አላገኛቸውም።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ «እዚህ ሆኜ እንድሰማው ሳጥኑን በኢንተርኔት ክፈተው» አለኝ። አልከፈትኩም። እ.ኤ.አ. በ2021 የዌስተርን ዲጂታል ማይ ቡክ ላይቭ ሳጥኖች ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ ከሩቅ ተደምስሰዋል። በዚያው ዓመት ኪውሎከር፣ በ2022 ደግሞ ዴድቦልት የተባሉት ጥቃቶች የኪውናፕ ተጠቃሚዎችን ፋይል ቆልፈው ቢትኮይን ጠይቀዋል። በቀጥታ ለኢንተርኔት የተከፈተ ሳጥን በሩ እንደተከፈተ ነው የሚቆጠር። ለወንድሜ በቴሌግራም ላክሁለት። ቴሌግራም ባንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል፤ አንድ ካሴት በደንብ ይገባል። ሌሊት ደውሎ ስለ ጋቢው አወራን።

አሁን ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው አንድ ነው። ፊልም ሌላ ቀን ይገኛል። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ መጀመሪያ ሁለት ተራ ኤክስተርናል ዲስክ ግዙና አንዱን ሌላ ሰው ቤት አስቀምጡ፤ ቀጥሎ ዩፒኤስ፤ ሳጥኑ የመጨረሻው ነው። ዲስክ ስትገዙ ሰዓቱን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። ቤታችሁ ያልተገለበጠ ካሴት ወይም የሠርግ ቪዲዮ ካለ ደግሞ አታቆዩት። በዓለም የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች ፉናይ ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ነው፤ የቀሩት ማጫወቻዎች እየተበላሹ ነው፣ የሚጠግናቸውም ባለሙያ እያነሰ ነው። ማጫወቻ ያለው ጎረቤት ካላችሁ በዚህ ሳምንት አንኳኩ።