«ዝናቡ ነው ያወረደው»

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቡና የሚያጣጣኝ አንድ ሰበበኛ ወዳጅ አለኝ። የሳንታ ሱዛና ነገር ከተነሳ ማንም ሳይቀጥረው ለኩባንያው ጥብቅና ይቆማል። ሰሞኑንም እንደ ልማዱ ጀመረ።

«ዝናቡ ከሰማይ ነው የወረደው! ኩባንያው ምን ያድርግ፣ ጃንጥላ ይያዝለት?»

«ሰማይ ላይ ሳለ ጨዋ ነበር። ግቢያቸው ገብቶ ነው አመል ያወጣው።»

ግቢውን ለማያውቅ፦ ሳንታ ሱዛና ከመሐል ከተማው 48 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ኮረብታ ላይ የተንጣለለ 2,850 ኤከር የምርምር ስፍራ ነው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 2006 የሮኬት ሞተር ተፈትሾበታል። በ1959 አንዲት አነስተኛ የኑክሌር ማብላያ ከ43 የነዳጅ ዘንጎቿ 13ቱ ተጎድተውባት፣ ሕዝቡ ጉዱን በወጉ የሰማው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። (ዘመኑን በፈረንጅ የቆጠርኩት ጥፋቱም የፈረንጅ ስለሆነ ነው።) ዛሬ አብዛኛው ግቢ የቦይንግ ነው። የደቡቡ ጎርፍ ወደ ቤል ክሪክ ይወርዳል፤ ቤል ክሪክ ካኖጋ ፓርክ ላይ ከአሮዮ ካላባሳስ ጋር ሲገጥም የሎስ አንጀለስ ወንዝ ይባላል። ወንዙ ስሙን ሳያገኝ የኮረብታውን እጣቢ ይቀበላል ማለት ነው።

«አፈሩ ራሱ ብረታ ብረት አለበት እኮ፣ ተፈጥሮ ነው» አለኝ።

«አያ ጅቦም ከላይ ቆሞ እየጠጣ፣ ታች ያለችውን አህያ ውሃዬን አደፈረስሽብኝ ብሏታል። ለመሆኑ ሞተር ያጠቡበት ትራይክሎሮኢታይሊን የሚበቅልበት ኮረብታ ታሳየኛለህ?»

ዝም አለ። ዝምታው ግን አንድ ፉት ቡና አልፈጀም። «እሺ፣ እሳቱስ? በ2018 የዉልሲ ቃጠሎ ግቢውን ሲያነደው፣ ያስነሳው የመብራት ኩባንያው መስመር አይደለም?»

እሱስ እውነቱን ነው። «ግን አመዱ ያለው የማን ግቢ ነው? ያንተ ምድጃ አመድ ሲሞላ የሚጠርግልህ መብራት ኃይል ነው?»

የ1972ቱ የአሜሪካ የንጹህ ውሃ ሕግ ነገሩን አያወሳስበውም። ከቱቦም ሆነ ከቦይ ወደ ወንዝ የሚለቅ ፈቃድ ያውጣ ይላል፤ ፈቃዱም ከ5 ዓመት አይበልጥም። የኢንዱስትሪ ግቢ ጎርፍም ከፋብሪካ ፍሳሽ እኩል ተጠያቂ ነው። በየመውጫው ስንት እርሳስ፣ ስንት ሜርኩሪ እንደሚፈቀድ በቁጥር ይጻፋል፤ ናሙናውን ቀድቶ፣ አስመርምሮ፣ ፈርሞ የሚያስገባውም ባለፈቃዱ ራሱ ነው።

«ራሱ ቀድቶ ራሱን ይከሳል? እንዲህ ያለ ሞኝ የት አለ?»

«በሐሰት ከፈረመ ወንጀል ነዋ! አንተ በየወሩ ሚዛን ላይ ወጥተህ ኪሎህን በፊርማህ ለሚስትህ አስገባ ብትባል፣ ክትፎው በአንድ ሳምንት ይቀንስ ነበር።»

በዚህ አገር ሰማዩ ወራት ሙሉ ደርቆ ይከርምና ድንገት ይዘረግፈዋል። ሳምንት ያልታጠበ ጀበና ውስጥ ውሃ ጨምራችሁ ነቅነቅ አድርጋችሁ ድፉት፤ የመጀመሪያው እጣቢ ጥቁር ነው፣ ሦስተኛው ኩልል ይላል። የጎርፍም ነገር እንደዚሁ ነው። ናሙናው ሦስተኛው ላይ ከተቀዳ ግቢው ሁሉ ጠበል ነው። ስለዚህ ናሙና ሲባል መቼ ተቀዳ ብሎ መጠየቅ ነው።

«ቆይ፣ ተቀጥተው የለም እንዴ?» አለ ሰበበኛው፣ የመጨረሻ ጥይቱን እየተኮሰ።

የሎስ አንጀለስ ክልል የውሃ ጥራት ቁጥጥር ቦርድ በ2007 ክሮሚየሙን፣ ዲዮክሲኑን፣ እርሳሱን፣ ሜርኩሪውን አይቶ 79 ጥሰት ቆጠረና ቦይንግ 471,190 ዶላር ይቀጣ አለ።

«አካፍለው» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ አካፈለ። ለአንዱ ጥሰት 6,000 ዶላር እንኳ አይሞላም። «ሰው ጨረቃ ላይ ላወጣ ቤት ይሄ ቅጣት ነው የሻይ?»

«መቼም ላንተ ከዝናቡ በቀር ጥፋተኛ ያልሆነ የለም» ብሎ ተነሳ፤ ሂሳቡን ለኔ ትቶ።

ሸለቆው ውስጥ የምትኖሩ ሁሉ፦ ፈቃዱ ሊታደስ ሲል ቦርዱ ረቂቁን ያወጣል፣ የሕዝብ አስተያየትም ይቀበላል። እባካችሁ ሂዱ፤ ሰበበኛው ወዳጄ ቀድሟችሁ ወንበር እንዳይዝ።