የቱ ጣቢያ ነው፣ ልጄ?

ድሮ በባቡር ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው የሚጨነቀው ስለ ስንቁ ነበር። ጣቢያው የት ነው ብሎ የጠየቀ መንገደኛ አላውቅም። የት ይሆናል? ለገሃር ነዋ! ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የተለቀቀ ሰው፣ ጠጥቶም ይሁን ሳይጠጣ፣ መጨረሻው ለገሃር ነበር። ሕንፃው ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ነው፤ የአንበሳው ሐውልትም ከፊቱ። ያ አንበሳ እንኳ፣ ጣሊያን ነቅሎ ሮም ድረስ ወስዶት፣ ብዙ ዓመት በሰው አገር ከርሞ ሲመለስ ለገሃርን አልሳታትም።

እኔ ግን አዲስ አበባ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ አርጅቼ፣ ባቡር የት እንደምሳፈር ለማወቅ የልጅ ልጄን ደጅ እጠናለሁ።

«አባባ፣ ለቡ ነው የሚሳፈሩት» ይለኛል፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

«ለገሃርስ?»

«ለገሃርም ባቡር አለ፤ እሱ ግን የከተማ ነው።»

«እንግዲያው በከተማው ባቡር ሄጄ ወደ ድሬዳዋው እሻገራለኋ!»

«አይገናኙም።»

«ማን ከማን?»

«ባቡሮቹ!»

እግዚኦ! ሁለት ጎረቤት ቢኳረፍ እናስታርቃለን፤ ባቡርና ባቡር ሲኳረፉ ሽማግሌ የሚልከው ማን ነው?

ነገሩን ልንገራችሁ። የከተማው ባቡር የተመረቀው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ የሚሄደው ደግሞ በዓመቱ፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ፉሪ ለቡ ላይ ሪባን ተቆረጠለት። በአንድ ዘመን የተሠሩ ናቸው። የከተማውንም፣ ከሰበታ እስከ ሜኤሶ ያለውንም የዘረጋው እንኳ ያው አንድ የቻይና ኩባንያ ነው። የከተማው 39 ጣቢያ አለው፤ ከ39ኙ አንዱም ለቡ አይደለም። በደቡብ ቃሊቲ ላይ ያበቃል፣ በምዕራብ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ ለቡን ከሁለቱም በኩል ከሩቅ ሰላም ብሎ ይመለሳል። ምሳ ሰዓት ላይ እንኳ ተገናኝታችሁ አልተነጋገራችሁም ወይ፣ ጎበዝ?

የእህቴ ልጅ መሐንዲስ ነው፤ ሁሉን ነገር በሳንቲ ሜትር ያስረዳኛል። የድሮው ሐዲድ ወርዱ 1 ሜትር ነበር። የአሁኑ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ አዲሱ ባቡር በአሮጌው ሐዲድ ለገሃር ልግባ ቢል መንኮራኩሩ አይገጥምለትም። ደግሞም መስመሩ ከሁሉ በፊት የተዘረጋው ለጭነት ነው፤ ጭነት እንዶዴና ሞጆ ቢራገፍ ይመቸዋል፤ መሀል ከተማ ቤት እያፈረሱ ሐዲድ ማስገባትም ገንዘብ ይበላል። ይህን ሁሉ አምኜለታለሁ። ኮንቴይነር መሀል ከተማ ዘመድ የለውም፣ ለቅሶ አይደርስም፣ ጉልበቱንም አያመውም። እኔ ግን ጭነት ነኝ?

ወደ መንገዳችን እንመለስ። ቤቴ ጉርድ ሾላ ነው። የቱ ጉርድ ሾላ እንዳትሉኝ! ጉርድ ሾላ አንድ አለ፣ ጉርድ ሾላ ሁለት አለ። ሃያ ሁለትም አንድና ሁለት ነው፤ ንፋስ ስልክም አንድና ሁለት። ስም አልቆባቸው ይመስል! «ጉርድ ሾላ ጣቢያ እንገናኝ» ተባብለው፣ አንደኛው አንድ ላይ፣ ሌላው ሁለት ላይ ሲጠባበቁ የዋሉ ዕድርተኞች አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

ቀለሙስ? ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው አረንጓዴ ነው፤ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚወርደው ሰማያዊ። ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ፣ ልደታ፤ በእነዚህ በአምስቱ ላይ ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ስለሚሄዱ የመጣውን መሳፈር ይቻላል። ዓይኑን ሞራ ለጋረደው ሰው ትልቅ ምሕረት ነው። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልደታን ሲያልፉ ሰማያዊው ወደ መርካቶ ይጠመዘዛል፣ አረንጓዴው በኮካ በኩል ይቀጥላል። በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ከስታዲየም ሲወጡ አንዱ ወደ መሿለኪያ፣ አንዱ ወደ እስጢፋኖስ። አንድ ጡረተኛ ወዳጄ ሳሪስ ለቅሶ ሊደርስ ከሜክሲኮ ተሳፍሮ መገናኛ ተገኘ። «ለቅሶው ካለፈ አይቀር ብዬ ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ» አለኝ። አረንጓዴና ሰማያዊ ብሎ የመረጠው ሰው ከሁለቱ አንዱን ቀይ ቢቀባው ምን ይጎድልበት ነበር?

እሺ፣ አረንጓዴውን ይዤ ሜክሲኮ ወረድኩ እንበል። ከዚያ በኋላ ወደ ለቡ ሐዲድ የለም፤ ከዚያ በኋላ ሚኒባስ ነው። ሻንጣዬን፣ በሶዬን፣ ለእህቴ የያዝኩትን በርበሬ ተሸክሜ ቆሜያለሁ። ረዳቱ «ለቡ! ለቡ! ለቡ! ይግቡ ፋዘር!» ይላል። ለቡ ግን ሰፈር ነው፣ ያውም ሰፊ ሰፈር። ለቡ ብሎ የሚጭን ታክሲ ሁሉ ባቡር ጣቢያው በር ላይ አያወርድም። «ባቡሩ ድረስ ትሄዳለህ?» ስትሉት «ቅርብ ነው ፋዘር» ይላችኋል። ረዳት ቅርብ ነው ካላችሁ ሳትከራከሩ ኮንትራት ያዙ።

ሰዓቱን ደግሞ ስሙኝ። የልጅ ልጄ ከስልኩ ላይ «8፡00» ብሎ አነበበልኝ። ጥሩ፣ ምሳዬን በልቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ እነሳለሁ አልኩ። «አይ አባባ፣ የጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ ተጽፎ ነው።» ለአበሻ መንገደኛ የፈረንጅ ሰዓት! ከጉርድ ሾላ ተነስቶ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ለቡ መሳፈር ማለት በዶሮ ጩኸት ከቤት መውጣት ነው። ያመለጠው ሰው ደግሞ በማግስቱ እሳፈራለሁ እንዳይል፣ ይህ ባቡር ቀን እየዘለለ ሲመላለስ ነው የማውቀው።

ጣቢያ መብዛቱን አይደለም የምጠላው። የድሮውን መስመር የዘረጉልን ፈረንሳዮች ለእኛ አንድ ለገሃር ሠርተው ለራሳቸው ፓሪስ ግን የሰሜን ጣቢያ፣ የምሥራቅ ጣቢያ፣ የሊዮን ጣቢያ፣ ሞንፓርናስ እያሉ ከተማውን በጣቢያ ሞልተውታል። ለንደን የሚሄድ ከሰሜኑ፣ ማርሴይ የሚወርድ ከሊዮኑ ይነሳል። ጣቢያ የሚሳሳት መንገደኛ እዚያም ሞልቷል። ነገር ግን ከመሬት በታች የሚሄደው ባቡር ጣቢያዎቹን ስለሚያገናኛቸው፣ የተሳሳተው ሰው ዝናብ ሳይነካው ይታረማል። እኛ ጋ የሚታረመው በላዳ ሒሳብ ነው።

ለቡ ደርሼ ተሳፍሬ፣ ቀዝቃዛ አየር እየነፈሰልኝ፣ ሞጆንና አዳማን አልፌ ድሬዳዋ ገባሁ እንበል። ባቡሩን አላማውም፤ ንጹሕ ነው፣ ወንበሩም ደግ ነው። ግን የት አወረደኝ? ከከተማ ውጭ! ድሬዳዋን ታውቋታላችሁ? በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት ሜዳው ላይ ሲቀር ነው የተቆረቆረችው፤ መጀመሪያም አዲስ ሐረር ነበር የምትባለው። ጣቢያው መሀሏ ላይ ስለነበር ከሊትሪናው ባቡር ወርደን ሻንጣችንን በትከሻችን አድርገን በእግራችን የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር እንገባ ነበር። ዛሬ ባቡር የቆረቆራት ከተማ የባቡር እንግዳዋን ለመቀበል በባጃጅ ከከተማ ትወጣለች። አዳማም ያው ናት። እንግዲህ ቁጠሩት፦ በዚህ በኩል ታክሲ፣ በዚያ በኩል ባጃጅ፣ መሀል ላይ ባቡር። ይህን ነው በባቡር ሄዱ የሚሉን።

የሚመለከተው ክፍል ሆይ፣ ሐዲዱን ነቅላችሁ ለገሃር መልሱልኝ አላልኩም። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ባቡሩ በሚነሳበት ጠዋት ከሜክሲኮና ከቃሊቲ ለቡ ጣቢያው በር ድረስ የሚያደርስ፣ ባቡሩ ሲገባም እዚያው በር ላይ ቆሞ መንገደኛውን የሚጠብቅ አንዳንድ አውቶቡስ መድቡልን። ግንባሩ ላይ «ባቡር ጣቢያ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍ፤ የመነሻው ሰዓትም በእኛ አቆጣጠር ይለጠፍበት። ቀለሙን ግን እባካችሁ አረንጓዴም ሰማያዊም አታድርጉት።