ንጉሤ ያዛጋል

(ሎስ አንጀለስ፣ ኮሪያታውን። ከኦሊምፒክ ጎዳና ገባ ብሎ ያለ አፓርታማ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ፣ ረከቦት፣ ቴሌቪዥን አለ። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሦስት ጋሎን ውሃ የሚይዝ የመስታወት ሣጥን፤ ውስጡ ንጉሤ የሚባል ጎልድፊሽ። እትዬ አስካለ ለአራስ ጥየቃ ከደሴ መጥተው እዚሁ የቀሩ አክስት ናቸው። አራሱ አሁን መዋለ ሕፃናት ገብቷል።)

እትዬ አስካለ፦ ሰለሞን! ኧረ አንተ ሰለሞን! ንጉሤ ሌሊቱን ሲያዛጋ ነው ያደረው።

ሰለሞን፦ ዓሣ አያዛጋም፣ እትዬ።

እትዬ አስካለ፦ ታዲያ ውሃው አፋፍ ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፍተው ዳዊት እየደገመ ነው? የሰው ዓይን ነው። ያቺ እሑድ የመጣችው ሴትዮ «ውይ ማማሩ!» አለች፤ እንትፍ እንትፍ እንኳ ሳትል ወጣች። በል ፌርፋክስ ሂድና ጤና አዳም አምጣልኝ።

(ጋሼ ከበደ ሳያንኳኩ ይገባሉ። ጎረቤት ናቸው፤ መኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ።)

ጋሼ ከበደ፦ እንዴት አደራችሁ? በሽተኛው እንዴት አደረ?

ሰለሞን፦ ማን ነገረዎት?

ጋሼ ከበደ፦ ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ለቃችሁት የለ! ሚኒሶታ ያለችው የአጎትህ ልጅ «ጨጓራ ነው» ብላለች። ዴንቨር ያለው «ብርድ መቶት ነው» ይላል። እህትህ ደግሞ ከአዲስ አበባ «የላክሁላችሁ አሞክሳሲሊን አልቋል ወይ?» ብላ ጠይቃለች።

እትዬ አስካለ፦ የት ያልቃል! ፍሪጁ ላይ ነው።

ሰለሞን፦ ለዓሣ አሞክሳሲሊን?

እትዬ አስካለ፦ አንተስ ጉንፋን በያዘህ ጊዜ ያለ ሐኪም ውጠህ አልተነሣህም? እሱ ከአንተ በምን ያንሳል?

(ናኦሚ፣ የሰለሞን ልጅ፣ 12 ዓመቷ፣ ጥርሷን እየፋቀች ትመጣለች።)

ናኦሚ፦ ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም።

ጋሼ ከበደ፦ ምን አልሽ?

ናኦሚ፦ ጨጓራ የሚባል ነገር የለውም። የበላው በቀጥታ አንጀቱ ውስጥ ነው የሚገባው።

ጋሼ ከበደ፦ ሰማህ ሰለሞን? እኔ ስንት ዘመን ሙሉ ኪኒን ስቅም፣ ፈጣሪ ይህን ጸጋ ለዓሣ ሰጥቶት ኖሯል! (መነጽራቸውን አውልቀው ወደ መስታወቱ ይጠጋሉ።) ይኼ ጉንጩ ላይ ያለው ነጭ ነጠብጣብስ? ኩፍኝ ነው ይኼ።

ናኦሚ፦ ጭራው ላይ አለ? ጀርባው ላይስ?

ጋሼ ከበደ፦ የለም። ጉንጩና የፊት ክንፉ ጠርዝ ላይ ብቻ።

ናኦሚ፦ እንግዲያው በሽታ አይደለም። እስከ ጭራው ድረስ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ፣ ጠጠሩ ላይ እየተፋተገ ቢሆን ኖሮ ተባይ ነው። ቅርፊቱ ቆሞ ሆዱ ቢነፋ ደግሞ በጣም እንፈራ ነበር። ይኼ ግን ወንዶቹ... (ታፍራለች) ለመራባት ሲደርሱ የሚያወጡት ነው።

እትዬ አስካለ፦ ምንድን ነው የምትለው?

ጋሼ ከበደ፦ ለአቅመ አዳም ደርሷል ነው የምትለው።

እትዬ አስካለ፦ (እልልልል!) ታዲያ ሚስት ይፈለግለታ!

ሰለሞን፦ በዚህ የቤት ኪራይ?

ናኦሚ፦ ለሱ ለራሱም ይጠበዋል። አንድ ጎልድፊሽ ቢያንስ ሃያ ጋሎን ይፈልጋል። እትዬ፣ ዛሬ ምን አበሉት?

እትዬ አስካለ፦ ምን አበላሁት! ያቺኑ የራሱን ፍርፋሪ ነዋ። ከዳቦው ትንሽ። ከእንጀራው ደግሞ ሽሮ ያልነካውን... ማለት ብዙም ያልነካውን።

ሰለሞን፦ ሽሮ?!

እትዬ አስካለ፦ አልጫ ነው! በርበሬ እንደማይችል አጣሁት?

ናኦሚ፦ በቀን ስንቴ ነው?

እትዬ አስካለ፦ ባየኝ ቁጥር። መስታወቱ ጋ መጥቶ አፉን ከፈት ከፈት እያደረገ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ አላየሁም ልበል? ምን ያለ አንጀት ነው ይህን የሚችል?

(ጎልድፊሽ በልቶም ሳይበላም የራበው ነው የሚመስለው። ይህን ግን ደሴ ላደገ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው።)

ጋሼ ከበደ፦ እኔ ደግሞ ትናንት ዌስተርን ጎዳና ያለው የዓሣ ሱቅ ሄጄላችሁ ነበር። ፌርፋክስ ላይማ ሊትል ኢትዮጵያ በፈረንጅ 2002 ስሟ በከተማው ከጸደቀ ወዲህ ጤፉም፣ ቡናውም፣ ነጠላውም አለ፤ የዓሣ ነገር የሚያውቅ ግን የለም። ባለሱቁ ኮሪያዊ ሽማግሌ ነው። ከኢትዮጵያ ነኝ ስለው ብድግ አለ! አባቴ ለኮሪያ ጦርነት በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ቡሳን ወደብ የወረደ ነው አልኩት።

ሰለሞን፦ ባለፈው ለባለ ሬስቶራንቱ አጎቴ ነው ብለው አልነበር?

ጋሼ ከበደ፦ አጎትም አባት ነው። ቃኘው አንድ ሰው አላስማረከም፤ እኔ ቅናሽ ሳልጠይቅ ልመለስ? ግን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «መድኃኒት አልሸጥልህም።»

እትዬ አስካለ፦ ነጋዴ ሆኖ አልሸጥም አለ? እሱ ራሱ ጤና የለውም።

ጋሼ ከበደ፦ «በመጀመሪያ ውሃውን መርምር» ብሎ ይቺን ሸጠልኝ። (ከኪሳቸው ሁለት ትንንሽ ጠርሙስና የመስታወት ቱቦ ያወጣሉ።) ያለ ቅናሽ።

(ናኦሚ ቱቦው ውስጥ የንጉሤን ውሃ እስከ መስመሩ ትሞላለች። ከሁለቱም ጠርሙስ ስምንት ስምንት ጠብታ ጨምራ፣ ከድና ትንጠዋለች። አምስት ደቂቃ ይጠብቃሉ። በቤቱ ታሪክ እትዬ አስካለ ያልተናገሩበት ረጅሙ አምስት ደቂቃ ነው።)

እትዬ አስካለ፦ አረንጓዴ ሆነ! እሰይ፣ ልምላሜ ነው።

ናኦሚ፦ ቢጫ ቢሆን ነበር ደጉ። አረንጓዴው አሞኒያ ነው። ዓሣው ራሱ በስንጥቡ ያስወጣዋል፤ የተረፈው እንጀራም ሲበሰብስ ይጨምርበታል። ማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነበሩ እየለወጡ መርዙን የሚቀንሱለት።

ሰለሞን፦ ማጣሪያውንማ ቅዳሜ በበረኪና ፈትጌ አጥቤዋለሁ። አንጸባርቆ ነበር።

ናኦሚ፦ አባዬ! ባክቴሪያዎቹን ጨረስካቸዋ! እንደገና እስኪራቡ ከወር በላይ ይፈጃል። ውሃውንስ ከየት ቀዳህ?

ሰለሞን፦ ከቧንቧ። ግን ክሎሪኑ እንዲተን ብዬ አሳድሬዋለሁ።

ናኦሚ፦ የዚህ ከተማ ውሃ ክሎራሚን ነው ያለበት፤ ስላደረ አይለቅም። ማርከሻ ጠብታ ይፈልጋል። ንጉሤ የሚያዛጋው ስንጥቡ ተቃጥሎ አየር እያጠረው ነው።

እትዬ አስካለ፦ እንግዲህ ተቆጡኝ። ጠዋት ከእንጦጦ የመጣውን ጠበል ትንሽ ጠብ አድርጌበታለሁ።

ናኦሚ፦ ምንም አይል። ሰሞኑን ከገባለት ውሃ ክሎራሚን የሌለበት እሱ ብቻ ነው።

እትዬ አስካለ፦ አላልኳችሁም!

ጋሼ ከበደ፦ ይገርማል! ሳይወጉት፣ ደም ሳይቀዱት፣ በአምስት ደቂቃ ያወቁለት! ቀጠሮ የለ፣ ኢንሹራንስ የለ።

ሰለሞን፦ እርስዎስ ስኳርዎን ከተለኩ ስንት ጊዜዎ ነው?

ጋሼ ከበደ፦ እኔ ምን አለብኝ? ውሃ ውሃ ከማሰኘት በቀር። ማታ ማታ ደግሞ ሽንት ቤት ያመላልሰኛል፤ ያው ውሃው ነው። ዓይኔም ትንሽ ብዥ ይላል፤ ያው መነጽሩ ነው።

(ሁሉም ከንጉሤ ዞር ብለው ጋሼ ከበደን ያያሉ።)

ናኦሚ፦ አባዬ፣ አሁን ግማሹን ውሃ እንቀይር፤ ሙቀቱ እኩል ይሁን፣ ማርከሻውም ይግባበት። ነገም እንለካዋለን። ሁለት ቀን ምንም አይበላም።

እትዬ አስካለ፦ ሁለት ቀን? ሊሞት ነዋ!

ናኦሚ፦ አይሞትም። ደህና ከተያዘ ሃያ ዓመት ይኖራል። እንግሊዝ አገር ቲሽ የሚባል 43 ዓመት ኖሮ በፈረንጅ 1999 ነው የሞተው።

ሰለሞን፦ 43 ዓመት?! እንግዲያው ኪራይ ያግዘኝ።

እትዬ አስካለ፦ እሱን ተወውና የጋሼ ከበደን ነገር ንገረኝ። እኔ አልወደድኩትም።

ሰለሞን፦ እኔም። ጋሼ፣ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ክሊኒክ አደርስዎታለሁ።

ጋሼ ከበደ፦ ቁርሴን በልቼ ልምጣ?

ሰለሞን፦ የለም። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም አይቅመሱ፤ የሚፈቀደው ውሃ ብቻ ነው።