የጸጉር ግብር

ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጅ ባለበት ቤት የእናት ጸጉር የእናት አይደለም። ማጠቡ፣ ማበጠሩና የመሠሪያው ገንዘብ የእኔ ነው፤ መጎተቱ የማሙሽ። ከእንቅልፉ ሲነሳ ይጎትታል። ምሳው ሲዘገይበት ይጎትታል። ደስ ያለው ዕለት ደግሞ በሁለት እጁ ነው። ተቆጥቶ ቢጎትተኝ እመርጣለሁ፤ ቁጣው ቶሎ ይበርዳል። ፍቅሩ ግን ማብቂያ የለውም።

አጨባበጡን ልብ ብሎ ላየው ሙያ አለበት። መጀመሪያ ከጆሮ በላይ ያለችውን፣ በጣም የምታመውን ቦታ ይመርጣል። ጣቶቹን ወደ ውስጥ ሰዶ ይዘጋቸውና እጁን አንዴ ጠምዘዝ ያደርገዋል። ከዚህ በኋላ ነገሩ በድርድር ነው። ትንሿን ጣት ሲያላቅቋት ሌባ ጣት ትጨብጣለች፤ ወደ ሌባ ጣት ሲሄዱ ትንሿ ቦታዋ ተመልሳለች። መዳፉ በብስኩት ስለሚለወስ እሱ ቢለቅ እንኳ ብስኩቱ አይለቅም። ለነገሩ ከጨበጠ እጅ ጸጉር ማስመለስ ለማንም ቀላል ሆኖ አያውቅም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከአፄ ቴዎድሮስ ራስ የተወሰደው ጸጉር ለንደን ካለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ወጥቶ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። 151 ዓመት! እኔ ቡናው ሳይፈላ ካስለቀቅሁ ምን ጎደለኝ?

ሳይንሱ ልጁን ነጻ ያወጣዋል፤ ቢያንስ ለጥቂት ወራት። አራስ ልጅ መዳፉን የነካውን ሁሉ የሚጨብጠው አስቦበት ሳይሆን አብሮት ስለተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ሉዊስ ሮቢንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ጣቱን ወይም ቀጭን ዱላ እያስጨበጠ ብዙ ጨቅላዎችን አንጠልጥሎ ፈተነ። ከሁለቱ በቀር ሁሉም የገዛ ክብደታቸውን ይዘው ቢያንስ 10 ሰከንድ ቆዩ፤ አንዱ የሦስት ሳምንት ጀግና 2 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ተንጠልጥሏል። ሐበሻ አያት ባለችበት ቤት ቢሆን ሰውዬው ከነዱላው ከደጅ አያልፍም ነበር።

ሮቢንሰን የዳርዊንን ሐሳብ የተቀበለ ሰው ስለነበር ነገሩን እናታቸው ጸጉር ላይ ተለጥፈው ከሚጓዙ የዝንጀሮ ልጆች ጋር አያያዘው። ሰሜን ተራሮች የወጣ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። የጭላዳ ልጅ መጀመሪያ የእናቱ ደረት ሥር ተጣብቆ ይጓዛል፤ ጠንከር ሲል ጀርባዋ ላይ ይፈናጠጣል። እሷ ሣሯን እየነጨች መንገዷን ትቀጥላለች፤ «ኧረ ልቀቀኝ!» ስትል የሰማት የለም። ምን አለባት? ጸጉሯ ገላዋን ሙሉ ነው፤ ሸክሙ ይከፋፈልላታል። እኛ የቀረልን አናታችን ላይ ያለው ብቻ ስለሆነ መከራው ሁሉ እዚያው ተሰብስቧል።

ይሁንና ይህ የአራስነት ጭበጣ ስድስት ወር ገደማ ላይ ይጠፋል። ማሙሽ ያንን ካለፈ ቆይቷልና አሁን በዝንጀሮ አያመካኝም። የሚጎትተው አዋጭ ሆኖ ስላገኘው ነው። ሲጎትት እኔ «ኡውይ!» እላለሁ። እንዲህ ያለ ድምፅ የሚሰጥ መጫወቻ ቤታችን ውስጥ የለም፤ ሲጫኗት የምትጮኸው ዳክዬ እንኳ ከተረገጠች ወዲህ ዝም ብላለች። እናት ግን ባትሪ አትጨርስም። በዚያ ላይ ታዳሚው አለ። አማቴ ይስቃሉ። ሠራተኛችን ከማድ ቤት ብቅ ብላ ትስቃለች። ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ «አንዴ ድገማት፣ አባቴ!» ይላል። እሱ መላጣ ስለሆነ ጉዳዩን የሚያየው በገለልተኛ ታዛቢነት ነው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው እጁን በዘረጋ ቁጥር ቤተሰቡ ሁሉ ሥራ አቁሞ የሚስቅለት ከሆነ ለምን ብሎ ይተዋል? እኔም ብሆን አልተውም።

ሲጀመርም ግብሩን የጣለብኝ ማሙሽ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ መርገፉን ትቶ የሰነበተ ጸጉር ከወሊድ በኋላ ሦስት ወር ገደማ ላይ ውዝፉን በአንዴ ይከፍላል። ማንም ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ጸጉር ይረግፍለታል፤ የኔ ግን ትራሱ ላይ፣ ነጠላው ላይ፣ ይቅር በሉኝና እንጀራው ላይም ነበር። የረገፈው ራሱ ቂመኛ ነው። የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ስለሚችል ልጁ ምክንያቱ ያልታወቀ ለቅሶ ሲያለቅስ ካልሲውን አውልቆ ጣቶቹን ማየት ደግ ነው። አማቴ በዚያ ሰሞን በየሳምንቱ ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ያደርጉልኝ ነበር። ልጁ ዓመት እስኪሞላው ይመለሳል የተባለው ጸጉር እውነትም ተመለሰ፤ ምስጋናውን ግን ቅቤው ወሰደው። እኔ ከቅቤው ያገኘሁት ትርፍ የማሙሽ እጅ ማዳለጡ ነበር።

ምክር እንደሆነ ቡና በተፈላ ቁጥር ይጎርፋል። ጎረቤቴ እሬት ቀቢው አለችኝ፤ እሷ ጡት ያስጣለችው በእሬት ነው። ማሙሽ የሚጎትተው በእጁ እንጂ በአፉ እንዳልሆነ ባስረዳትም አልተዋጠላትም። ሌላዋ ጥብቅ ያለ ሹሩባ ተሠሪ አለች። ሹሩባው ለጊዜው ይመክታል፤ ነገር ግን በጣም ሲጠብቅ የግንባርን ጸጉር ከሥሩ ይነቅላል፤ ልጁን ከልክሎ ለሠሪዋ ማስነቀል ሆነ ማለት ነው። ባለቤቴ ተላጪው አለ። ለመላጣ ሰው መፍትሔው ሁሉ ወደዚያው ነው። የድሮ ሰው ግን ከሁላችንም ብልጥ ነበር፤ የልጁን ራስ ሙልጭ አድርጎ ይላጭና ቁንጮ ብቻ ይተውለታል። መያዣው ያለው በማን ራስ ላይ እንደሆነ ልብ በሉልኝ።

አማቴ ደግሞ፣ «አንቺም መልሰሽ ሳቢው፤ ይቅመሰው!» አሉ።

«እማማ፣ እኔ ብስበው ምን ይማራል?»

«ማመሙን ነዋ!»

የሚማረውስ ጸጉር መሳብ የትልልቅ ሰዎችም ወግ መሆኑን ነው። ይህን ግን አላልኳቸውም፤ ቡናው ገና ቶና ላይ ነበር።

ቁም ነገሩን የነገረችኝ በ15 ወሩ የሚሰጠውን ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ስናስከትብ ያገኘናት ነርስ ናት። መርፌውን እስክታዘጋጅ ማሙሽ እንደልማዱ ጨበጠ፣ እኔም እንደልማዴ ጮኽኩ። «እህቴ፣ እጁን አትጎትቺው፤ ወደ ራስሽ ጫኚው» አለችኝ። ሞከርኩት። እጁ ራስ ቅል ላይ ሲለጠፍ ጸጉሩ ይላላል፣ ሕመሙም ወዲያው ይቆማል፤ ጣቶቹን ተረጋግቶ ከትንሿ ጀምሮ መፍታት ይቻላል። ለካ እስከዚያ ድረስ ግማሹን የምጎትተው እኔው ነበርኩ! ከዚያ በኋላ ያለውን ደረደረችልኝ። አትጩኺ፣ አትሳቂ። አጠር አድርገሽ «አይሆንም፣ ያማል» በዪው። ከደገመ ከጭንሽ አውርጂው። ያንኑ እጁን ይዘሽ ቀስ ብሎ መዳበስን አሳዪው። ሁልጊዜም፣ ሁላችሁም፣ አንድ ዓይነት። ይህን ሁሉ የነገረችኝ መርፌውን እየወጋች ነው፤ ማሙሽም ከሁለታችን ማንን እንደሚጎትት ግራ ገብቶት ነበር።

«ሁላችሁም» ያለችው ግን ከኩፍኙ ይከብዳል። ልጁን ማስተማር ቀላሉ ሆኖ ተገኘ። ማሙሽ ጨበጠ፤ እኔ እንባዬ ግጥም ብሎ እያለ ፊቴን አኮሳትሬ እጁን ጫን አደረግኩና «አይሆንም፣ ያማል» አልኩ። ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ኡውይ»ዋን እየጠበቀ ነው። ምናልባት አልሰማች ይሆናል ብሎ ትንሽ ጨመረበት። ዝም። ግራ ተጋብቶ ዞር ሲል አማቴ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይርገፈገፋል። አይ እማማ! ልጅ ትከሻም ያነባል እኮ። ሥራው ሁሉ ከሀ ተጀመረ። በኋላ ላይ ማሙሽ እጁን ወደ ጸጉሬ ሲሰድ አማቴ ተነስተው ወደ ጓዳ እንዲገቡ ተስማማን፤ እዚያ እንደልባቸው ይሳቁ። ባለቤቴ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሠራተኛችን ከሁላችንም ጎበዝ ወጣች፤ አንድም ቀን አልሳተችም።

ደግነቱ ያዘለት። አሁን ሲመጣ «ዳበስ፣ ዳበስ» እያለ ነው፤ መዳፉን ገልብጦ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ያወርደዋል፣ ሲጨርስም ጭብጨባ ይጠብቃል። ቅዳሜ ማታ ጸጉሬን ታጥቤ፣ ተተኩሼ፣ እራት ቀርበናል። ጭኔ ላይ ተቀምጦ ሽሮውን በአምስት ጣቱ ያንቦጫርቃል። ድንገት ትዝ አልኩትና እስከ አንጓው የተነከረውን እጅ አነሳ።

«ዳበስ፣ ዳበስ።»

ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። ባለቤቴ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ሽሮው በጆሮ ግንዴ ሲወርድ አማቴን አየኋቸው።

«ተዪው ልጄ» አሉኝ፤ «ቅቤ አለበት፣ ለጸጉር ይስማማል።»