ያልወጣችው መስመር

ጥቅምት ላይ ወደ አብደራፊ ቆላ የወረድኩት የአክስቴ ልጅ ስለጠራኝ ነው። "ሰሊጡ ደርሷል፣ ሰው አጥቻለሁ፤ ማጨዱ ቢያቅትህ እንኳ ሒሳብ ያዝልኝ" አለኝ በስልክ። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ካለፈው ሽፋኑ ይፈነዳና ፍሬው ዋልካው ስንጥቅ ውስጥ ይረግፋል፤ ያን ማን ይለቅመዋል? ልብሴን ሸክፌ በጎንደር፣ በሳንጃ አድርጌ ወረድኩ። ላፕቶፔንም ይዣለሁ፤ ያላለቀ ሥራ ነበረብኝ።

ሥራው በባዮኢንፎርማቲክስ የሚሠሩ የአገራችንን ተመራማሪዎች ከነሙያ ዘርፋቸው የሚያሳይ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። ቀን ቀን ሠራተኛ እቆጥራለሁ፣ የታጨደው ሰሊጥ እየታሰረ በሂላ ሲቆም ሒሳቡን እይዛለሁ። ማታ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ሰንጠረዡን እሞላለሁ። አንድ ማታ ከስማዳ ለአጨዳ የመጣ ልጅ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ሲያየኝ ቆየና "ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚጽፉት?" አለኝ።

"ጽሑፍ የሚያነቡ ሰዎች ስም ነው።"

"የምን ጽሑፍ?"

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ውስጡ በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ እንዳለው፣ ዘረመል የሚባለው እሱ እንደሆነ ነገርኩት። የጤፍ ብቻ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፊደል ነው። ይህን ሰው በዓይኑ አንብቦ አይዘልቀውም፤ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከኮምፒውተሩም ይበልጥ ይፈለጋል። ልጁን የያዘው ጤፉ ነው። "የጤፍም ተነቧል?" አለ። ተነቧል አልኩት። ያን ጊዜ ስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ዘሪሁን ታደለና ባልደረቦቹ፣ እዚህ አገር በጤፍ ምርምር ዕድሜውን ከሰጠው ከከበበው አሰፋ ጋር ሆነው፣ ጸደይ የተባለችውን ዝርያ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል። ልጁ ጸደይን ያውቃታል፤ ቶሎ የምትደርሰዋ አይደለች እንዴ! ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ፤ ያን ሰንጠረዥ ከጀመርኩ ጀምሮ አንድ ረድፍ ሰምቶ የሳቀ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው።

ሌሎቹንም ረድፎች ነገርኩት። አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ውስጥ ፍፁም ግርማ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ ከተማ ከለመደችው አዲስ ትንኝ ጋር ያገናኘውን ጥናት የመራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉ ደግሞ ካላዛር የተባለውን በሽታ ሲመረምሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ፣ እሳቸውም በተሳተፉበት ጥናት፣ የሰሜኑና የደቡቡ የካላዛር ተውሳክ በዘረመል የተለያዩ ወገኖች መሆናቸው ታይቷል። ካላዛር ስል ልጁ ዝም አለ። እዚህ ስሙን የማያውቅ የለም። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ ከዋልካው ስንጥቅና ከግራሩ ሥር ናት፤ አጫጁ ደግሞ ሌሊት የሚተኛው እዚያው ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ብርድ ብርድ አለኝ። በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርቤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ጣቴን ወጉኝና ጠብታዋን የወባ መመርመሪያዋ ካርድ ላይ አኖሯት። ካርዷ ላይ ሁለት መስመር ከወጣ ወባ አለ፤ አንድ ብቻ ከወጣ የለም። አንድ ወጣች። "ወባ የለብህም፣ ታይፎይድ ነው" ተባልኩ፤ መድኃኒት ተሰጠኝ። ሦስት ቀን ዋጥኩ። በሦስተኛው ሌሊት የአክስቴን ልጅ በአባቱ ስም እየጠራሁ ስቀባጥር አደርኩ አሉኝ። ሲነጋ ባጃጅ ላይ ጭኖ ሌላ ቦታ ወሰደኝ። እዚያ ያለችው የላብራቶሪ ባለሙያ ካርድ አላነሳችም። ደሜን መስታወት ላይ ቀባች፣ ጊምሳ የሚባለውን ቀለም አፈሰሰችበት፣ ጠበቀች፣ አጎንብሳ አየች። "ወንድሜ፣ ሞልቶሃል እኮ" አለች። እንዳየው ለመንኳት። ሐምራዊ ነጥብ ጫፋቸው ላይ ያለ፣ ከክር የቀጠኑ ቀለበቶች ናቸው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ።

መድኃኒቱ ይዞኝ፣ ላቤ ከደረቀ በኋላ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ያ ረድፍ እዚያ ነበር፤ የጻፍኩትም ራሴ ነኝ። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱ ስንደው መካሻ። ዘርፍ፦ ወባ። እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ከሱዳን፣ ከኤርትራና ከደቡብ ሱዳን በሚዋሰኑ የአማራ፣ የትግራይና የጋምቤላ ወረዳዎች 12,572 ሰዎችን መረመሩ። በጥናቱ ጊዜ ሥራ ላይ የነበረችው ካርድ የምትፈልገው ኤችአርፒ-2 የሚባል፣ የፋልሲፓረም ተውሳክ የሚሠራውን ፕሮቲን ነው። ተውሳኩ ያን ፕሮቲን የሚሠራበትን የዘረመሉን ክፍል ከጣለ ግን ካርዷ የምትይዘው ነገር የለም፤ መስመሯ አትወጣም፤ በሽተኛው ደህና ነህ ተብሎ ይሸኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ግምት መሠረት ከመቶ የፋልሲፓረም ሕሙማን ወደ 10 የሚጠጉት በዚህ ምክንያት ሳይታወቁ ያልፉ ነበር። ካርድ በሙቀትም ይበላሻል፤ የእኔን ተውሳክ ዘረመል ደግሞ ያነበበው የለም። ሆኖም የተኛሁት ያ ጥናት በተሠራበት ድንበር ላይ ነው።

በዚያው ደም ላይ ሌላም ነገር ተገኝቷል። ያን ጊዜ አሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው አበበ ፎላ እነዚያኑ ናሙናዎች አንብቦ፣ ወባን ከምናክምበት ከአርቴሚሲኒን ጋር የሚታገል 622አይ የተባለ ለውጥ ከመቶው በ8ቱ ውስጥ እንዳለ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2023 አሳተመ። ከእነዚህም መካከል ከካርዷ የሚሰወሩም ነበሩ። ይህን ለውጥ አስቀድመው እ.ኤ.አ. በ2016 ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የዘገቡት እነአበበ ገነቱ ናቸው። ከእኛው አቅጣጫ። ብራውን የሚነበበው ፊደል የወጣው ወረቀት ላይ ከደረቀች የደም ጠብታ ነው፤ ጠብታዋ ደግሞ ጣቱን ከዘረጋ ሰው። የዚያ ሰው ስም የትም አይጻፍም፤ ምስጢሩ ስለሚጠበቅ ትክክል ነው። የቦታው ስም ግን መቅረት አልነበረበትም። ለዚህም ከሙያ ዘርፍ ቀጥሎ አንድ አምድ ጨመርኩ፤ "ናሙናው የተወሰደበት ቦታ" የሚል። ሰንጠረዡን ያዘዙኝ ሰዎች አልጠየቁኝም ነበር።

በሳምንቱ የስማዳው ልጅ ተኮሰው። ካርድ ተደርጎለት "ነጻ ነህ" ተብሎ ተመልሶ ሂላ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። ቀና አደረግሁትና "ተነስ፣ ደምህ በመስታወት ይታይ" አልኩት። "ጋሼ፣ የለም ብለውኛል እኮ፤ ሌላ ብር ከየት ላምጣ?" አለ። በባጃጅ ወሰድኩት። ያቺው ባለሙያ ጣቱን ወጋች፣ ቀባች፣ ጊምሳዋን አፈሰሰች። መስታወቱ እስኪደርቅ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለ፤ እሳት ነው። እሷ ወንበሯን ስባ አጎነበሰች፤ እኛ ጀርባዋን እያየን ጠበቅን።